የጊት ታሪክን በብሮውዘር ላይ በጃቫስክሪፕት መሳል፦ ዓምዶቹ እንዴት ይመደቡ?

ጥያቄ
ከ፦ ሰሌዳ ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁም። በመሥሪያ ቤታችን ያሉትን የጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ ሥርዓት) ማከማቻዎች በብሮውዘር የሚያሳይ አነስተኛ መገልገያ በመሥራት ላይ እገኛለሁ። የኮሚቶቹ (በጊት የተመዘገቡት ለውጦች) መልእክት፣ የጸሐፊው ስምና ቀኑ በሠንጠረዥ መልክ በሚገባ ይወጣሉ፤ የቀረኝ ከሠንጠረዡ በስተግራ ብራንቾቹ (ጎን ለጎን የሚሄዱት የሥራ መስመሮች) የት እንደተለያዩና የት እንደተገናኙ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ኮሚት ሀሹን (መለያውን)፣ የወላጆቹን (በቀጥታ የተመሠረተባቸውን ኮሚቶች) ሀሽ፣ ጸሐፊውን፣ ቀኑንና መልእክቱን በጄሰን (በጽሑፍ የሚላክ የመረጃ ቅርጸት) ይልክልኛል።

እስካሁን ሁለት መንገዶችን አይቻለሁ። አንደኛው በዲ3 (መረጃን ለመሳል የሚያገለግል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ያለው፣ ነጥቦቹ እየተገፋፉና እየተሳሳቡ ቦታቸውን የሚይዙበት አቀማመጥ ነው፤ ነገር ግን ነጥቦቹ በፈለጉት ቦታ ስለሚሰፍሩ ከሠንጠረዡ ረድፎች ጋር ፈጽሞ አይገጥሙም። ሁለተኛው ኮሚቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ ለእያንዳንዱ ብራንች አንድ ዓምድ መስጠት ነው። ይህኛው ከሠንጠረዡ ጋር ቢገጥምም አልፎ አልፎ ወላጁ ከልጁ በላይ ይወጣና መስመሩ ወደ ላይ ይመለሳል፤ የአንድ ዓመት ታሪክ ሲከፈት ደግሞ ዓምዶቹ እየበዙ ሥዕሉ ወደ ቀኝ ስለሚሰፋ መልእክቱን ከስክሪኑ ያስወጣዋል።

ስለዚህ ማወቅ የምፈልገው ዓምዶቹ በምን ስሌት መመደብ እንዳለባቸው፣ ለመሳሉ ኤስቪጂ (እያንዳንዱ ቅርጽ የገጹ አካል የሚሆንበት) ወይስ ካንቫስ (በፒክሰል የሚሳልበት ሰሌዳ) እንደሚሻል፣ እንዲሁም ይህን አዘጋጅቶ የሚሰጥ ላይብረሪ ካለ የትኛው እንደሆነ ነው። ትልቁ ማከማቻችን 30,000 ገደማ ኮሚቶች አሉት። ለምትሰጡኝ ምክር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።


መልስ
ከ፦ ሥረ መሠረት

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኤስቪጂና ስለ ካንቫስ ከመወሰንዎ በፊት ስሌቱን ለብቻው ቢጨርሱት ይሻላል። እያንዳንዱ ኮሚት በስንተኛው ረድፍና በስንተኛው ዓምድ እንደሚቀመጥ፣ በየረድፉም የትኞቹ መስመሮች እንደሚያልፉ አስቀድሞ ከታወቀ፣ መሳሉ የጥቂት መስመር ኮድ ሥራ ይሆናል።

የጊት ታሪክ በሒሳብ አነጋገር አቅጣጫ ያለው፣ ዞሮም ወደ ራሱ የማይመለስ ግራፍ ነው። ልጁ ወላጁን ያውቃል፣ ወላጁ ግን ልጁን አያውቅም። የመጀመሪያው ኮሚት ወላጅ የለውም፤ ተራ ኮሚት አንድ፣ መርጅ (ብራንቾችን የሚያዋሕድ ኮሚት) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወላጆች አሉት፤ ሆኖም ጊት ከሁለት በላይ ብራንቾችን በአንድ ኮሚት ማዋሐድ ስለሚፈቅድ ሦስትና ከዚያ በላይ ወላጆች ያሉት ኮሚት ሊገጥምዎ ይችላል። ስለዚህ ኮድዎ ወላጆችን በዝርዝር ይያዝ እንጂ ሁለት ብቻ ናቸው ብሎ አይነሣ።

ወላጅ ከልጁ በላይ የሚወጣው ቀኑ ለቅደም ተከተል የማይታመን ስለሆነ ነው። ቀኑን የሚጽፈው ኮሚቱን የሠራው ሰው ኮምፒውተር በመሆኑ፣ ሰዓቱ ወደኋላ በቀረ ላፕቶፕ ላይ የተሠራ ኮሚት ከወላጁ ቀድሞ የተሠራ መስሎ ይታያል። በዚያ ላይ ጊት ለአንድ ኮሚት ሁለት ቀኖችን ይይዛል፤ አንዱ ሥራው መጀመሪያ የተጻፈበት፣ ሌላው ኮሚቱ አሁን ባለው መልኩ የተመዘገበበት ነው። ሪቤዝ (ኮሚቶችን በሌላ ኮሚት ላይ እንደገና መደርደር) ሲደረግ ሁለተኛው ይታደሳል፣ የመጀመሪያው ግን እንዳለ ይቀራል፤ በመሆኑም በመጀመሪያው ቀን መደርደር ከሁሉ የከፋ ውጤት ያመጣል። መፍትሔው ሰርቨሩ ጊት ሎግን (ታሪኩን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) ሲጠራ «ቶፖ-ኦርደር» የተባለውን አማራጭ እንዲጨምር ማድረግ ነው፤ በዚህ አማራጭ ጊት የአንድ ወላጅ ልጆች ሁሉ ሳይወጡ ወላጁን አያወጣም፣ የተለያዩ ብራንቾች ኮሚቶችንም እርስ በርስ አያፈራርቅም። በጃቫስክሪፕት ልሥራው ካሉም ካን የተባለ ሰው በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ይበቃል፦ ለእያንዳንዱ ኮሚት ያልወጡ ልጆቹን ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ ዜሮ የሆነውን ያወጣሉ፣ ከዚያም ከወላጆቹ ቁጥር ላይ አንድ አንድ ይቀንሳሉ።

አሁን ወደ ዓምዱ እንምጣ። «ለእያንዳንዱ ብራንች አንድ ዓምድ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉትና ዓምድን ቦታ ይዞ አንድን ኮሚት እንደሚጠብቅ ሰው ይቁጠሩት። አንድ ድርድር (ከ0 ጀምሮ በቁጥር የተደረደሩ ቦታዎች ዝርዝር) ይያዙ፤ በየቦታው የሚቀመጠው ያ ዓምድ የሚጠብቀው ኮሚት ሀሽ ነው። ከአዲሱ ወደ አሮጌው ሲወርዱ ለእያንዳንዱ ኮሚት የሚከተለውን ያደርጋሉ። እርሱን ከሚጠብቁት ዓምዶች መካከል ግራ ጫፍ ያለው የእርሱ ይሆናል፣ ሌሎቹ ጠባቂዎች ወደ እርሱ ታጥፈው ይዘጋሉ፤ የሚጠብቀው ከሌለ በመጀመሪያው ባዶ ቦታ ይገባል። ከዚያ አንደኛ ወላጁ የእርሱን ዓምድ ይወርሳል። ለቀሩት ወላጆች፣ አስቀድሞ የሚጠብቃቸው ዓምድ ካለ መስመሩ ወደዚያ ይሄዳል፣ ከሌለ በመጀመሪያው ባዶ ቦታ አዲስ ዓምድ ይከፈታል።

በምሳሌ እንየው። ሀ የመጀመሪያው ኮሚት ነው፤ ለ የሀ ልጅ ነው። ከለ ላይ ሁለት መንገዶች ይነሣሉ፦ በዋናው ብራንች ሐ፣ በሌላው ብራንች ደግሞ መ እና የመ ልጅ የሆነው ሠ። ረ ሁለቱን የሚያዋሕድ መርጅ ሲሆን አንደኛ ወላጁ ሐ፣ ሁለተኛ ወላጁ ሠ ነው። ቅደም ተከተሉ ረ፣ ሠ፣ መ፣ ሐ፣ ለ፣ ሀ ሆኖ ይመጣል። ረን የሚጠብቅ ስለሌለ ዓምድ 0 ይይዛል፤ ከእርሱ በኋላ ድርድሩ «ሐ፣ ሠ» ይሆናል። ሠ በዓምድ 1 ይወጣና ድርድሩ «ሐ፣ መ»፣ መ በዚያው ዓምድ ይወጣና «ሐ፣ ለ» ይሆናል። ቀጥሎ ሐ በዓምድ 0 ይወጣል። ወላጁን ለን ዓምድ 1 አስቀድሞ እየጠበቀው ቢሆንም ሐ ዓምዱን አይለቅም፤ ድርድሩ «ለ፣ ለ» ይሆናል። ለ ሲመጣ ግራውን ዓምድ 0 ይይዛል፣ ዓምድ 1 ወደ እርሱ ታጥፎ ይዘጋል፣ ሀም በዓምድ 0 ወጥቶ ታሪኩ ያልቃል።

በሐ ላይ የሆነውን ልብ ይበሉልኝ። አንደኛ ወላጅ ምንጊዜም የልጁን ዓምድ ይወርሳል፣ ሌላ ዓምድ ቢጠብቀውም እንኳ። ይህ ደንብ ከተዘለለ ዋናው ብራንች ያለ ምክንያት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ሥዕሉም ለማንበብ ያስቸግራል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ባዶ የሆነ ዓምድን የሚመለከት ነው፤ አንድ ዓምድ በመካከል ሲዘጋ የቀኞቹን ወደ ግራ አያስጠጓቸው፣ ባዶውን ለሚቀጥለው አዲስ ዓምድ ያቆዩት፣ ከቀኝ ጫፍ ያሉትን ባዶዎች ብቻ ይቁረጡ። የእርስዎ ሥዕል ወደ ቀኝ የሚሰፋው የተዘጉ ብራንቾች ዓምድ ተመልሶ ሥራ ላይ ስለማይውል ነው፤ በዚህ ስሌት ግን ስፋቱ የሚወሰነው በአንድ ጊዜ ክፍት በሆኑት መስመሮች ብዛት ነው።


መልስ
ከ፦ ፒክሰል

በስሌቱ ላይ የሚጨመር የለኝም፤ ስለ መሳሉ ግን ላክልበት።

ለዚህ ሥራ የእኔ ምርጫ ኤስቪጂ ነው፣ ነገር ግን የሚታዩት ረድፎች ብቻ ይሳሉ። በኤስቪጂ እያንዳንዱ ክብና እያንዳንዱ መስመር የገጹ አንድ አካል ስለሆነ ጠቅታን፣ የመዳፊት ማንዣበብንና የሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ መወሰኛ ቋንቋ) ቀለምን ያለ ተጨማሪ ሥራ ይቀበላል፤ ዋጋው ደግሞ ቁጥሩ ወደ አሥር ሺዎች ሲገባ ብሮውዘሩ መንቀራፈፉ ነው። በአንድ ስክሪን ላይ የሚታዩት ግን ቢበዛ ስድሳ ረድፎች ያህል ናቸው። ተጠቃሚው ሲያሸበልል እነዚያኑ ብቻ ከሣሉ የታሪኩ ርዝመት ለኤስቪጂ ምንም ለውጥ አያመጣም። በካንቫስ ግን የትኛው ነጥብ ጠቅ እንደተደረገ ራስዎ ማስላት፣ ከፍተኛ ጥራት ባላቸው ስክሪኖች ላይ እንዳይደበዝዝ መጠኑን በስክሪኑ የፒክሰል ምጣኔ ማባዛት ይኖርብዎታል፤ ብሮውዘሮች ለአንድ ካንቫስ የከፍታ ጣሪያ ስላላቸውም 30,000 ረድፎችን በአንድ ካንቫስ ላይ ልዘርጋ ማለት አይቻልም።

የሚታየውን ብቻ መሳል ሲጀመር ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። በረድፍ 20 ላይ ካለ መርጅ የተነሣ መስመር እስከ ረድፍ 900 ይወርዳል እንበል። ተጠቃሚው ከረድፍ 400 እስከ 450 ያለውን ሲመለከት የመስመሩ ሁለቱም ጫፎች ከስክሪኑ ውጭ ናቸው፤ መስመሮቹን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየሣሉ የሚታዩትን ኮሚቶች መስመሮች ብቻ የሚመርጡ ከሆነ ያ መስመር ይጠፋል። ስለዚህ መስመሩን በረድፍ ቆራርጠው ይያዙት፦ እያንዳንዱ ረድፍ «ከዓምድ ይህን ያህል ወደ ዓምድ ይህን ያህል፣ በዚህ ቀለም» የሚሉ የራሱ ቁራጮች ዝርዝር ይኑረው። ከላይ የተገለጸው ድርድር በየረድፉ ያለው ይዘት እነዚህን ቁራጮች በቀጥታ ይሰጥዎታል። ከመርኩሪያል (ከጊት ጋር ተመሳሳይ ሥርዓት) ጋር የሚመጣው የድር ገጽ የታሪክ ግራፉን የሚሠራው በዚህ መልክ ነበር፤ ስሌቱ በሰርቨሩ ላይ በፓይተን ይሠራና ለእያንዳንዱ ረድፍ የነጥቡ ዓምድ፣ ቀለሙና የቁራጮቹ መነሻና መድረሻ ዓምድ ይላካል፣ ጃቫስክሪፕቱ ካንቫስ ላይ ይሥላቸዋል። ካንቫሱን ባልወርሰውም የመረጃው አደረጃጀት ዛሬም የምመርጠው ነው።

የረድፉን ከፍታ የማይለዋወጥ ያድርጉት። 28 ፒክሰል ከሆነ የነጥቡ ቁመታዊ ቦታ የረድፉ ቁጥር በ28 ተባዝቶ 14 ሲደመርበት ነው፤ የትኞቹ ረድፎች እንደሚታዩም በአንድ ማካፈል ይታወቃል። ረጅም መልእክት ወደ ሁለተኛ መስመር እንዲወርድ ከተፈቀደ ይህ ሁሉ ቀላልነት ይጠፋል።

ማጠፊያዎቹን በቤዚየር ኩርባ (ቅርጹ በመቆጣጠሪያ ነጥቦች በሚወሰን ኩርባ) ይሥሩ። ቁራጩ ከአንድ ዓምድ ወደ ሌላ ሲሻገር ሁለቱን መቆጣጠሪያ ነጥቦች በከፍታው እኩሌታ ላይ ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ከመነሻው ዓምድ ጋር፣ ሁለተኛው ከመድረሻው ዓምድ ጋር በአንድ ቀጥታ ይሁን። ያን ጊዜ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ከላይኛውና ከታችኛው ረድፍ ቁራጭ ጋር ስብራት ሳይታይበት ይገጥማል። መታጠፉ በአንድ ረድፍ ውስጥ ብቻ ይለቅ፦ ከመርጅ የሚወጣው መስመር ከመርጁ ነጥብ ወዲያው በታች፣ ወደ ጋራ ወላጅ የሚመለሰው ደግሞ ወላጁ ዘንድ ለመድረስ አንድ ረድፍ ሲቀረው ይታጠፍ። ከሃያ ረድፍ በላይ በሰያፍ የሚወርዱ መስመሮች ሌሎቹን ሁሉ ስለሚያቋርጡ ዓይን ሊከተላቸው አይችልም።

መልእክቱን በኤስቪጂ ውስጥ አይጻፉት። የኤስቪጂ ጽሑፍ ቦታ ሲጠበው ራሱን በሦስት ነጥብ አይቆርጥም፤ በኤችቲኤምኤል ረድፍ ውስጥ ከሆነ ግን ሲኤስኤስ ይቆርጥልዎታል። ሌላው፣ መርጆችን ውስጡ ባዶ በሆነ ክብ ይለዩዋቸው፤ ቀይንና አረንጓዴን መለየት ለሚያዳግታቸው ሰዎች ቀለም ብቻውን አይበቃም።


መልስ
ከ፦ ሀለሐመ

የላይብረሪውን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልመልሰው። ሜርሜድ የጊት ግራፍ መሳያ አለው፤ ኮሚት፣ ብራንች፣ መርጅ የሚሉ ትእዛዞችን በጽሑፍ ሲሰጡት ንጹሕ ሥዕል ያወጣል፣ ለማስተማሪያና ለሰነድም እጅግ ጥሩ ነው። ጊትግራፍ የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪም ለተመሳሳይ ዓላማ የተሠራ ሲሆን ጥገናው ቆሟል። ሁለቱም የተዘጋጁት ሰው አስቦ ለሚነድፈው አጭር ታሪክ ነው፤ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር እውነተኛ ታሪክ አልመክራቸውም። ዳግሬ የመሳሰሉት አጠቃላይ የግራፍ አቀማመጥ ላይብረሪዎች ደግሞ ሱጊያማና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የደረጃ ዘዴ ላይ የቆሙ ናቸው። የመስመር መቆራረጥን መቀነስ ይችሉበታል፤ ነገር ግን በአንድ ደረጃ ላይ ብዙ ነጥቦችን ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጡ አንድ ረድፍ ለአንድ ኮሚት ከሚለው ሠንጠረዥዎ ጋር አይሄዱም። ስሌቱ መቶ መስመር እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ራስዎ ይጻፉት።


ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ ሰሌዳ ሠሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በድርድሩ ስሌት የወጣው ሥዕል በጊት ሎግ ከሚታየው ጋር ተመሳክሮ ትክክል ሆኗል። ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። በቅርንጫፍ ቢሮዎች ያሉ ባልደረቦቼ የሚጠቀሙት በሞባይል ዳታ ስለሆነ ኮሚቶቹን 200 በ200 መላክ እፈልጋለሁ፤ ዓምዶቹ ግን በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራሉ። በአማርኛ የተጻፉ መልእክቶች ውስጥ ደግሞ አልፎ አልፎ በአንድ ፊደል ፋንታ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይታያል። በመጨረሻም ዋናው ብራንች ሁልጊዜ ግራ ጫፍ ላይ በአንድ ቀለም እንዲሆን ተጠይቄያለሁ።


መልስ
ከ፦ ሀለሐመ

የፊደሉ ጉዳይ ከጊት አይመስለኝም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ወደ ባይት የሚለወጡበት ደንብ) ሦስት ባይት ይይዛል። ሰርቨርዎ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም) የተጻፈ ከሆነ የጊትን ውጤት የሚቀበለው በቁርጥራጭ ነው፤ የቁርጥራጩ ድንበር በአንድ ፊደል መካከል ሲያርፍ አንዱ ባይት እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ ይቀራሉ። እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ለብቻው ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኮድ ሁለቱንም እንደ ተበላሸ ይቆጥራቸዋል። በእንግሊዝኛ መልእክት ይህ የማይታየው የላቲን ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የሚበላሸው ቦታ ጥቂት ከሆነና ገጹ በታደሰ ቁጥር የሚቀያየር ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ከጊት በሚመጣው የውጤት ፍሰት ላይ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አስቀድመው ያሳውቁት፣ ወይም ቴክስት ዲኮደርን (ባይቶችን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን መሣሪያ) «ስትሪም» ከሚለው አማራጭ ጋር ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ያልተሟሉትን ባይቶች እስከሚቀጥለው ቁርጥራጭ ያቆያሉ።

ምናልባት የተለወጡ ፋይሎችን ስም የሚያሳዩ ከሆነ፣ የአማርኛ የፋይል ስሞች በኋልዮሽ ጭረትና በቁጥር ተተክተው ይመጣሉ፤ ይህ ደግሞ የጊት ነባር ልማድ ነው። «ኮር ኮትፓዝ» የሚባለውን ቅንብር ሲያጠፉት ስሞቹ በፊደላቸው ይወጣሉ።


መልስ
ከ፦ ሥረ መሠረት

በክፍል በክፍል ለሚደረገው መላክ ስሌቱ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሚቀጥለው የሚያሸጋግረው ብቸኛ ነገር ያ ድርድር ነው፤ የመጀመሪያው 200 ሲያልቅ ድርድሩን ከነቀለሞቹ ያስቀምጡትና ሁለተኛውን ክፍል ከእርሱ ይጀምሩ። አዲስ ኮሚት ከላይ ሲጨመር ግን ከታች ያለው ሁሉ ሊለወጥ ስለሚችል ከመጀመሪያው እንደገና ይሰላ።

በእርስዎ መጠን ግን የተሻለ መንገድ አለ። የግራፉን ቅርጽና የመልእክቶቹን ጽሑፍ ለዩዋቸው። ሰርቨሩ ኮሚቶቹን ከደረደረ በኋላ ሀሹን ትቶ እያንዳንዱን ኮሚት በረድፍ ቁጥሩ፣ ወላጆቹንም በእነርሱ ረድፍ ቁጥር ቢልክ የ30,000 ኮሚቶች ቅርጽ በሙሉ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አይበልጥም፤ የ40 ፊደል ሀሾችን ቢልክ ግን ሜጋባይቶች ይሆናል፣ ሀሽ የዘፈቀደ ስለሚመስልም ሲጨመቅ እንደ ተራ ጽሑፍ አይቀንስም። ቅርጹ በአንድ ጊዜ ይምጣ፣ ሙሉው ስሌት በብሮውዘሩ ይሠራ፣ መልእክቶቹ ደግሞ ተጠቃሚው ወደ ረድፎቹ ሲደርስ በየክፍሉ ይጫኑ። ያን ጊዜ ተጠቃሚው የማሸብለያውን አሞሌ ይዞ ወደ ታሪኩ መካከል ቢዘልም ሥዕሉ በቦታው ይጠብቀዋል።

ዋናውን ብራንች ግራ ጫፍ ላይ ለማቆየት ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት በድርድሩ ዓምድ 0 ላይ የዋናውን ብራንች የመጨረሻ ኮሚት ያስቀምጡ። ከእርሱ በላይ የሚወጡ ገና ያልተዋሐዱ ኮሚቶች ዓምድ 0 ተይዞ ስለሚያገኙት ከ1 ጀምረው ይሰፍራሉ፤ ያ ኮሚት ሲመጣ የራሱን ቦታ ይይዛል፣ አንደኛ ወላጆቹም እየተከታተሉ ይወርሱታል። ከእርሱ ነጥብ በላይ ባሉት ረድፎች ግን የዓምድ 0ን መስመር አይሣሉ።

አንድ ነገር ለአለቆችዎ አስቀድመው ቢያስረዱ መልካም ነው። ጊት አንድ ኮሚት በየትኛው ብራንች ላይ ሳሉ እንደተሠራ አይመዘግብም፤ የብራንች ስም ወደ አንድ ኮሚት የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው። መርኩሪያል ግን የብራንቹን ስም በኮሚቱ ውስጥ ይጽፈዋል። ስለዚህ በጊት «ዋናው ብራንች» ብለን የምንሥለው አንደኛ ወላጆችን ተከትለን የደረስንበትን መስመር ነው። አንድ ባልደረባ ዋናው ብራንች ላይ ሆኖ የራሱን ኮሚት ከሠራ በኋላ ፑል ቢያደርግና (የሰርቨሩን ሥራ ወደ ራሱ ቢያመጣና) ጊት መርጅ ቢፈጥርለት፣ አንደኛው ወላጅ የባልደረባው ኮሚት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሰርቨሩ የመጣው የሁላችሁ ሥራ ይሆናል። ያ መርጅ ፑሽ ሲደረግ (ወደ ሰርቨሩ ሲላክ) የጋራው ታሪክ ወደ ዓምድ 1 ይሻገራል፣ የአንድ ሰው ሥራ በዓምድ 0 ይቀመጣል። ሥዕሉ እንዲህ ሲያሳይ ኮድዎን አይጠርጥሩ፤ ቡድኑ ፑል ሲያደርግ በሪቤዝ እንዲሆን ቢስማማ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።